እህቴ ከኃይሉ ጋር የተነሳችው ፎቶ

የበደለችኝ የገዛ እህቴ ሸዋዬ ናት። የበደለችኝም በደርግ ጊዜ፣ የአሰብ መንገድ ሌት ተቀን በከባድ መኪና በሚጨናነቅበት ዘመን፣ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ነው። ይህን ነገር ስናገረው ኖሬአለሁ። ለጎረቤት ተናግሬአለሁ፣ ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ፣ እናቴ አልጋ ከያዘች በኋላ እግሯን እያሸሁ ለእሷም ደጋግሜ ነግሬአታለሁ። እናቴ «ተይው ልጄ፣ ለእግዚአብሔር ስጪው» ትለኝ ነበር። አሁን ግራ ገብቶኛል። የምጽፈውም ለዚሁ ነው፤ ምናልባት ተራ በተራ ሳስቀምጠው ይገለጥልኝ እንደሆን ብዬ።

ያኔ እኔ አስካለ ደሴ ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋ ነበር። አባታችን ቀደም ብሎ ሞቷል። ወንድማችን ግርማ ለወታደርነት ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሄዷል። ቤት የቀረነው እናቴ ወይዘሮ በለጡ፣ በሦስት ዓመት የምትበልጠኝ ሸዋዬና እኔ ነን። ሸዋዬ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ለመቀጠር ደጅ ትጠና ነበር። እኔን ደግሞ ኃይሉ የሚባል ሹፌር ሽማግሌ ልኮ ጠየቀኝ። ዘመዶቹ ቢስቲማ ናቸው፤ እሱ ከአሰብ ወደ መሃል አገር ዕቃ ያመላልሳል። እናቴ «ትልቋ ተቀምጣ ትንሿ?» ብላ ጥቂት አንገራገረች፣ በኋላ ግን እሺ አለች። ቃል ታሰረ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ።

ኃይሉ በደሴ ባለፈ ቁጥር ይጠይቀናል። ጭነት ሲዘገይበት ከአሰብ ይጽፍልኛል። የራሳችን የፖስታ ሣጥን ስላልነበረን ደብዳቤው በአንድ ዘመዳችን ሣጥን ይመጣና እናቴ ተቀብላ ታመጣልኛለች። አንድ ጊዜ የደረሰኝን ደብዳቤ በቃሌ አውቀዋለሁ። «እዚህ ፎቶ ቤት ገብቼ የተነሳሁትን ልኬልሻለሁ። ከኋላዬ መርከብ ተሥሏል፤ ባሕሩን ባላሳይሽ መርከቡን እይ» ይላል። ፖስታው ውስጥ ግን ፎቶ አልነበረም። እናቴን ጠየቅኋት። «እኔ ምን አውቄ፤ ዛሬ ያመጣችው እህትሽ ናት» አለችኝ። ሸዋዬን ስጠይቃት «የምን ፎቶ?» አለች። ያን ጊዜ ነው መጠርጠር የጀመርሁት።

ፒያሳ የጋሽ ተፈራ ፎቶ ቤት ነበር። የመንገድ መስኮቱ ላይ ያማሩለትን ፎቶዎች ይሰቅላል። ሙሽራው፣ ወታደሩ፣ ጎፈሬዋን ያበጠረችው ሁሉ እዚያ ነው፤ ደሴ ገበያ የወጣ ሰው ሳያይ አያልፍም። ማን ከማን ጋር እንደሆነ ከሽማግሌው አፍ ይልቅ በዚያ መስኮት ይታወቅ ነበር ማለት ይቻላል። አንድ ጠዋት አብራኝ የምትሰፋ ልጅ «እህትሽ ከአንቺ ቀድማ ማግባቷ ነው?» አለችኝ። ቀልዷን መስሎኝ ነበር። ሄጄ አየሁት። ሸዋዬ ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሳ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከጎኗ ኃይሉ ኮቱን ለብሶ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ትከሻቸው ሊነካካ ትንሽ ነው የቀረው።

ቤት ገብቼ ሸዋዬን ያዝኋት። መሬት መሬት እያየች ዝም አለች። አልካደችም። ሰው ያላደረገውን አላደረግሁም ይላል፤ ዝም ያለ ሰው አምኗል። በዚያው ሳምንት ፋብሪካው ጠራትና ልብሷን ጠቅልላ ኮምቦልቻ ወረደች። ኃይሉ ሲመጣ በመድኃኔዓለም ማለ፤ ከሸዋዬ ጋር ተቀምጬ አላውቅም፣ የጋሽ ተፈራን ደጅም ረግጬ አላውቅም አለ። «ፎቶውን አምጪና አሳዪኝ» አለኝ። ልናመጣው አብረን ብንሄድ መስኮቱ ላይ የለም። ጋሽ ተፈራ ባለቤቱ ወስዶታል አለ። ማን እንደሆነ ብንጠይቀው ጀርባውን ሰጠን። ደብዳቤዎቹን አቃጠልሁ፣ ቃሉንም አፈረስሁ። ኃይሉ አሰብ ቀረ። ድንበሩ ከተዘጋ ወዲህ ወሬውም ጠፋ። እኔም ሌላ ሰው ሳላገባ ከእናቴ ጋር ኖርሁ፤ እስክትሞትም አስታመምኋት። በቀብሯ ቀን ሸዋዬ ከድንኳኑ በአንዱ ጥግ ተቀመጠች፣ እኔ በሌላው። ከዚያ በቀር አልተገናኘንም።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት ስልኬ ጮኸ። ዘይነባ እባላለሁ የምትል ሴት ናት። የደሴ ሰዎችን የድሮ ደብዳቤና ፎቶ የሚያሰባስብ ቤተ መዛግብት ተቋቁሟል፤ የጋሽ ተፈራ ልጆች የአባታቸውን ሣጥኖች ሰጥተውናል፤ በጦርነቱ ጊዜ ስንቱ ዕቃ ሲዘረፍ ይህን የፈለገው ስለሌለ ተርፏል፤ አንዱ ፖስታ ላይ የወይዘሮ በለጡ ስም አለ፤ ልጃቸው እርስዎ ነዎት ብለውኛል፤ መጥተው ይዩልን አለችኝ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። የድሮ ባልና ሚስቶችን ፎቶ ለሕዝብ ሊያሳዩ ነው። «በጣም የሚያምር አንድ ጥንድ አግኝተናል እማማ» አለች።

ጥንዱ እነማን እንደሆኑ ሳላየው አወቅሁ። አንድ ጊዜ መስኮት ላይ ተሰቅሎ ከሰው በታች አድርጎኛል። ሁለተኛ እንዳይሰቀል ላስከለክል በማግሥቱ ጠዋት ሄድሁ።

ዘይነባ ሣቂታ፣ ወሬ የማይደክማት ሴት ናት። ክፍሉ በካርቶን ሣጥን ተሞልቷል። ጠረጴዛው ላይ ሰው ለሰው የጻፈው ደብዳቤ ተዘርግቷል፤ «ለጤናችሁ እንደምን ከርማችኋል» የሚለውን ከሩቅ አነበብሁ። የሰው ጓዳ እንዲህ አደባባይ መውጣቱ ደስ አላለኝም፤ ይህንንም ነገርኋት።

«ወላሂ ባለቤቶቹ ፈቅደው ነው እማማ።»

«እማማ አትበይኝ። ልጅ የለኝም።»

«እሺ እትዬ። አብሽሩ፣ እርስዎ ሳይፈቅዱ የሚወጣ የለም።»

ፎቶውን አመጣችልኝ። ያው ነው። ሸዋዬ በቀሚሴ፣ ኃይሉ በኮቱ። ባልና ሚስት እንዳልሆኑ፣ ሰውዬው የእኔ እጮኛ እንደነበረ፣ እህቴ እንደቀማችኝ በአጭሩ ነገርኋትና ይቀደድልኝ አልሁ። ዘይነባ ፎቶውን አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለችው።

«አብረው ነው የተነሱት ያሉት ማን ነው እትዬ?»

«ዓይንሽ የለም?»

«ይኸውና እዩት።» ጣቷን በኃይሉ ትከሻ ዙሪያ አስኬደችው። በእርሳስ የተነካካ ቀጭን መስመር አለ። ቀድሞ ያላየሁት ነው፤ አሁንም መነጽሬን አድርጌ ነው ያየሁት። «የተለጠፈ ነው። ጋሽ ተፈራ በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። ልጁ የዘመተበት ሰው የልጁን ፎቶ ይዞ ይመጣል፤ እሳቸው ከቤተሰቡ መሃል አንድ ወንበር ክፍት አስተው ያነሱና ዘማቹን ቆርጠው ያስቀምጡበታል። ከዚያ እንደገና ያነሱታል፤ ለሰው የሚሰጡት ያንን ነው፣ የተለጠፈው እሳቸው ዘንድ ይቀራል። እንዲህ ያለ ስንት አለን መሰለዎት።»

ይህን እኔም አውቃለሁ። እነእገሌ ቤት ልጃቸው ከግንባር ሳይመለስ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ የታየበት ፎቶ ነበር። ግን የዚያ ልጅ ጭንቅላት ከእናቱ ጭንቅላት እጥፍ ያክል ነበር፤ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ይኸኛው እንደዚያ አልነበረም።

ዘይነባ ፖስታውን ገለበጠችው። ከሥሩ መብራት በሚበራ መስታወት ላይ አንዱን ፊልም ዘረጋችው። ፊልም ላይ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ስለሆነ ምንም አልገባኝም። በስልኳ አነሳችውና ቀለሙን መልሳ አሳየችኝ። ሸዋዬ ብቻዋን ተቀምጣለች። ከጎኗ ያለው ወንበር ባዶ ነው።

ቀጥላ አንድ ካርድ የሚያክል ወፍራም ወረቀት አወጣች። ፎቶ ነው፤ መሃሉ ግን በመቀስ ተቆርጦ ወጥቷል። የቀረው ቀዳዳ የተቀመጠ ሰው ቅርጽ አለው። ከቀዳዳው በስተጀርባ ባሕርና ጭስ የሚተፋ መርከብ ተሥሏል። ገለበጥሁት። ጀርባው ላይ በኃይሉ ጽሕፈት «ለውድ አስ» ይላል፤ የተቀረው ስሜ ከኃይሉ ጋር ተቆርጦ ሄዷል።

ዘይነባ ውኃ አመጣችልኝ። ጠጥቼ ይሆናል። ሐሳቤ መጀመሪያ የሄደው ወደ ሸዋዬ ነው፦ ፎቶዬን ሰርቃ፣ ራሷን ከእሱ ጋር አስለጥፋ፣ መስኮት ላይ አሰቀለችው። ይህ ያረጋጋኝ ነበር። ክፋቷ ጨመረ እንጂ ሌላ ነገር አልተለወጠም።

«ፖስታው ላይ ግን ለምን የእናቴ ስም አለ?» አልሁ።

«ጋሽ ተፈራ የሚጽፉት የተነሳውን ሰው ስም አይደለም፤ ያዘዘውን ነው። ሁሉም ፖስታቸው እንዲህ ነው።»

«እህቴ በእናቴ ስም አዝዛ ቢሆንስ?»

«እሱን እንግዲህ በሕይወት ካሉ እህትዎን ነው የሚጠይቁ» አለች። እህቴ በሕይወት እንዳለች ያወቀችው ስነግራት ነው። ወዲያው ስልኳ ላይ ያለውን ወደ እኔ ስልክ አሳለፈችልኝና የዋናው ፎቶ ነገር እስኪወሰን ቆልፌ አስቀምጠዋለሁ አለችኝ። ደረጃው ድረስ ሸኘችኝ። ቤቴ መግባት ሲገባኝ እግሬ መናኸሪያ ወሰደኝ።

ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ሲወርድ ሐሳቤ አንድ ቦታ አልረጋ አለ። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ለዚህ ሥራ ከእናቴ ይልቅ ማንበብ የምትችለው ሸዋዬ ትቀርባለች እያልሁ ራሴን አሳመንሁ። ወዲያው ደግሞ ፎቶ ለማየት ማንበብ አያስፈልግም አልሁ። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ የምን ሙግት ነው ዓይነት ሲያየኝ፣ ጮክ ብዬ ሳወራ እንደነበር ገባኝ። ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለኝ፤ የደሴን ሹራቤን አውልቄ በእጄ ያዝሁ። አንድ ነገር ወሰንሁ። ያየሁትን አልነግራትም። አስቀድሜ እሷን አናግራታለሁ።

ሸዋዬ ጡረታ ከወጣች በኋላ ፋብሪካው ሠፈር ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። በሩ ክፍት ነበር። ወደ እኔ ዞር አለች፤ ዓይኗ ግን ከእኔ አልፎ ግድግዳውን ያያል። ዓይኗ መታመሙን ሰምቼ ነበር፣ እንዲህ መጥፋቱን ግን አላወቅሁም።

«ማን ነው?»

ልመልስ ስል ሳል ያዘኝ።

«አስካለ ነሽ። ያችን ሳልሽን አውቃታለሁ። ቀብሬን ቀድመሽ መጣሽ እንዴ?»

«ቀብርሽ ቢሆን አልመጣም ነበር።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» ብላ ሣቀች። ወንበር በእጇ ዳብሳ ወደ እኔ ገፋችልኝ። ሰላም መባባሉን ሁለታችንም ዘለልነው። ለምን እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ፎቶውን የተነሳሽበትን ቀን ንገሪኝ አልኋት። የትኛውን ፎቶ እንደምል አልጠየቀችኝም።

«ያን ቀሚስ ልበሺ ያለችኝ እናታችን ናት» አለች። «ለግርማ ፎቶ እንላክለት፣ ናፍቆናል፣ ብላ ወሰደችኝ። አስካለስ አልኋት፤ ሥራ ላይ ናት አለችኝ። ጋሽ ተፈራን አንድ ወንበር ክፍት ተውልኝ አለችው። ግርማን ሊለጥፍበት መስሎኝ ጠጋ ብዬ ተቀመጥሁ። ከወንድሜ ጎን መቀመጤ ነው። ከሳምንት በኋላ ወንበሩ ላይ ያንቺን ሰውዬ ተቀምጦ አየሁት።»

ስለ ባዶው ወንበር እኔ ገና ምንም አልነገርኋትም ነበር። ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ባወጣውም አታየውም። እናንተ የምታነቡ ሰዎች፣ ይህን ስሰማ የተሰማኝን ልግለጽላችሁ ብል የምለው አጣለሁ። ደስታ አልነበረም። ቤቴ ገብቼ ዕቃው ሁሉ ቦታ ቦታውን ለቆ እንዳገኘሁት ነበር።

«ታዲያ ስይዝሽ ለምን ዝም አልሽ?»

በሩን ዳብሳ ገፋ አደረገችው።

«መስኮቱን እንዳየሁ እናታችን ዘንድ ሮጥሁ። ታላቅ ተቀምጣ ታናሽ አትዳርም፣ ዝም ካልሽ እግዚአብሔር የሚያደርገው አለ፣ ለአስካለ ብትነግሪ ጡቴ ይፋረድሽ አለችኝ። እኔም ዝም አልሁ።»

«ጡቴ ስላለችሽ?»

«እሱም አለ።» ቀጥላ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። «ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር አስኩ። አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። ምናልባት ወደ እኔ ይመጣ ይሆን ብዬ አንድ ወር ጠበቅሁ። ከዚያ በኋላማ ብናገርም አታምኚኝም ነበር። የበደልሁሽ ይቺን ነው። ሌላውን እኔ ላይ አታድርጊው።»

«ትወጂው ነበር?»

«እኔ እንጃ። በደንብ አይቼውም አላውቅ። ያየሁት ፎቶው ላይ ነው።»

ልመታት እጄ ተነስቶ ነበር። መልሼ ጭኔ ላይ አደረግሁት። እናቴ ለሸዋዬ ብላ ካደረገችው ቢያንስ ምክንያት አለው፤ የእናት አድልዎ ነው፤ ብዬ ሳስብ እህቴ የባሰውን ጨመረችልኝ።

«በኋላ በኋላ ግን ሳስበው ለእኔ ብላ አይመስለኝም» አለች። «ወደ እነኃይሉ ሽማግሌ አልላከች። ትልቋን ውሰዱ አላለች። የፎቶው ወሬ ፋብሪካ ድረስ ወርዶ፣ የታጨች ናት እያሉ እኔንም የሚጠይቅ ጠፋ፤ መጥታ አላስተባበለችልኝም። እኔ ኮምቦልቻ ወረድሁ፣ ግርማ ሳይመለስ ቀረ፣ አንቺ ቤት ቀረሽላት። ከዚያ ወዲያ ስለ ጋብቻ ተናግራሽ ታውቃለች?»

ለማስታወስ ሞከርሁ። እናቴ ስለ ብዙ ነገር ትናገር ነበር። ስለዚህ ግን አንድም ቀን አልተናገረችም።

«አፈር በልቷት ሲያበቃ ስሟን ታጠፊያለሽ?» ብዬ ጮህሁባት። ውሸታም አልኋት፣ ምቀኛ አልኋት፣ የእግዚአብሔር ፍርድ ዓይንሽ ላይ ወረደ አልኋት። ይህን በማለቴ አላፈርሁም፤ ሐቁን ልጻፍ ካልሁ ትንሽ ቀለል ብሎኝ ነበር። እሷም አልተቆጣችም። ሹራቤን አንስቼ በሩ ጋ ስደርስ ጠራችኝ።

«ፎቶውን አይተሽዋል ማለት ነው። አለ?»

«አለ።»

«የዚያን ጊዜ ፎቶ አንድም የለኝም። መልኬ ምን ይመስል እንደነበር ረስቼዋለሁ። እንዴት ነኝ?»

መውጣት ነበረብኝ። ተመልሼ ተቀመጥሁ። ስልኬን አውጥቼ ኃይሉ የሌለበትን፣ ባዶው ወንበር ያለበትን ከፈትሁ። ፀጉሯ ወደ ኋላ እንደተያዘ ነገርኋት። አንገቷ ረዥም እንደሆነ፣ ከንፈሯ ሊሥቅ ብሎ እንደተወው ነገርኋት።

«ቀሚሱስ?»

«ቀሚሱ የእኔ ነው።»

«አውቃለሁ የአንቺ ነው። አምሮብኛል ወይ?»

«አምሮብሻል» አልሁ። ተናድጄ ነው ያልሁት፤ ግን አምሮባታል።

ከመሸ መኪና እንዳላጣ ብዬ ተነሳሁ፤ እሷም እደሪ አላለችኝም። ደሴ ገብቼ ሹራቤን መልሼ ለበስሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ። እናቴ ለትልቋ ልጇ ብላ ነው? ለራሷ ጧሪ እንዳታጣ ብላ ነው? ወይስ ሹፌር አልወደደችም፣ አገር ላገር የሚዞር ሰው ልጄን ያስለቅሳታል ብላ ነው? ሦስቱንም አምኜ አውቃለሁ፤ አንዳንዴ በአንድ ቀን ውስጥ። አጥቤአት፣ አጉርሼአት፣ ከጎኗ ተኝቼ ነው የሞተችው። ኃይሉን ሳነሳባት «ተይው ልጄ» ስትለኝ ልታጽናናኝ ነው እል ነበር። አሁን ያንን ድምፅ መልሼ እሰማውና ፍርሃት ነበረበት እላለሁ፤ ደግሞ የለም፣ ያው የእናት ድምፅ ነው እላለሁ። የሞተ ሰው አይጠየቅም። ጋሽ ተፈራም ሞቷል። ኃይሉ የት እንዳለ አላውቅም፤ ቢኖር አንድ ነገር ብቻ ልነግረው እፈልግ ነበር፤ ፎቶህ ደርሶ ነበር ብዬ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ምናልባት አንብባችሁ ስትጨርሱ ዋናውን በዳይ ለይታችሁ ይሆናል። ከለያችሁ ከእኔ ተሽላችኋል። ሰዎች ይቅር በይና ይቅለልሽ ይሉኛል። ይቅር የሚባለው ሰው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ይቅርታው ለማን ይላካል? እህቴ የበደለችኝ የአንድ ወር ዝምታ ነው። እኔ የቆጠርሁባት የዕድሜ ልክ ነው። ልዩነቱን ማን ላይ እንደማሳርፈው አላውቅም።

ለዘይነባ ፎቶው ለሕዝብ እንዳይታይ ነገርኋት። መርከቡ ያለበትን ቀዳዳ ፎቶ ስሜ ስላለበት ወሰድሁት። ዘንድሮ ለእናቴ ሙት ዓመት ዝክር አላወጣሁም፤ ካህኑ ሲጠይቁኝ አሞኝ ነበር አልኋቸው። ሸዋዬን በየወሩ ከኮምቦልቻ እያመጣሁ ደሴ ለዓይን ሐኪም አሳያታለሁ። መንገድ ላይ እጇን የምይዘው መኪና እንዳይገጫት ነው። ይቅር አላልኋትም፤ ይህንንም ታውቃለች። የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ሐሙስ ነው።